አልበሙን ላሠራላችሁ ያለንን ሰው ተከትዬ ትምህርቴን ላቋርጥ?

ውድ ጠያቂ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ እንደሆኑ፣ ከሦስት ጓደኞችዎ ጋር የራሳችሁን የሮክ ዘፈኖች እንደምትጫወቱ፣ አሁን ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ፕሮዲውሰር የአልበሙን ወጪ ሸፍኖ የዘፈኖቹን መብት በሙሉ ለመውሰድ እንደጠየቃችሁ ጽፈውልናል።

ከመወሰንዎ በፊት እንደእናንተ ከዩኒቨርሲቲ ከተማ የተነሣ አንድ ባንድ ላስታውስዎ። አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው በኒውዮርክ ሳይሆን፣ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በአቴንስ ከተማ ነበር። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን በ1981 አንድ ትንሽ አሳታሚ አወጣላቸው፤ ከዚያም በትንንሽ ክለቦች እየዞሩ ሲጫወቱና በኮሌጅ ተማሪዎች ሬዲዮ ሲደመጡ ቆይተው ከትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ከዋርነር ብራዘርስ ጋር የተፈራረሙት በ1988፣ አልበማቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ደግሞ በ1991 ነው። ትልቁ ኩባንያ ሲመጣ አድማጭ ስለነበራቸው ለድርድር የተቀመጡት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። እነርሱም ትምህርታቸውን አቋርጠዋል ብለው ይሞግቱኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ያቋረጡት በራሳቸው መንገድ ለመሄድ እንጂ ገና አድማጭ ያልሰማውን ዘፈን ለሌላ ለማስረከብ አልነበረም።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የዘፈኖቻቸውን ድርሰት በአራቱም የባንዱ አባላት ስም እኩል ማስመዝገባቸውን ነው። እናንተ ግን፣ እንደጻፉልን፣ ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ በቃል እንኳ አልተነጋገራችሁም። ከፕሮዲውሰሩ በፊት እርስ በርሳችሁ ተፈራረሙ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአመንጪው (የደራሲው) የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት የሚጸና በመሆኑ፣ «በሙሉ» የሚለው ቃል ልጆቻችሁንም ይመለከታል። ስለዚህ በጊዜ የተወሰነ የፈቃድ ውል ጠይቁት፤ ከመፈረማችሁም በፊት ረቂቁን ለጠበቃ አሳዩ።

እስከዚያው ጎንደርን አትናቋት። አዝማሪ በግጥሙ ሲወጋው እየሳቀ የሚሸልም ሕዝብ ፊት መጫወት ስቱዲዮ የማይሰጠው ትምህርት ነው፤ በፒያሳ ሆቴሎችና በተማሪዎች ዝግጅት ላይ እየተጫወታችሁ የትኛው ዘፈን በአድማጭ እንደሚወደድ ለዩ (መብራት ቢጠፋስ የምትሉ ከሆነ፣ ያለ ማጉያ የምትጫወቱት ዝግጅትም ይኑራችሁ)።

በእኔ አስተያየት የቀረዎትን አንድ ዓመት ጨርሰው ቢመረቁ ይሻላል። የግድ እሄዳለሁ ካሉም ዝም ብለው ከክፍል አይጥፉ፤ ሬጅስትራር ቀርበው የዊዝድሮው (ትምህርትን በይፋ የማቋረጫ) ቅጽ ይሙሉ፣ መልሶ የመግባት ሁኔታውንም በጽሑፍ ይያዙ።