ጓንትና ጭንብል እያላቸው ረጪዎች ለምን ይታመማሉ?

«ለረጪዎቻችን ጓንትና ጭንብል ገዝተናል፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ግን አልቀረም። የተሻለ ጭንብል የቱ ነው?» ላላችሁት፦ ጭንብሉን ለጊዜው አቆዩት። በእርሻ ርጭት ፀረ-ተባይ ኬሚካሉ ወደ ሰውነት የሚገባው በአብዛኛው በቆዳ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት መርጫው ነው።

በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ንጹህ ውሃ ሞልታችሁ ግፊት ስጡትና አጎንብሱት። የክዳኑ ጎሚኒ ካረጀ ሠራተኛው ባጎነበሰ ቁጥር ኬሚካሉ በጀርባው ይወርዳል፤ የራሰው ልብስ እስከ ማታ ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይውላል። ቱቦው ከመክፈቻ እጀታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ካንጠባጠበ ደግሞ ጓንቱ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ጓንት ማድረግ ካለማድረግ ይብሳል። ጭንብል ግዙ ሲባል ሁሉም ይሰማል፣ ጎሚኒ ግን ማንም አያስታውስም። ኖዝል (ኬሚካሉ የሚረጭበት የመርጫው ጫፍ) ሲደፈን በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ለስላሳ ብሩሽና ትርፍ ኖዝል ለእያንዳንዱ ረጪ ይሰጠው።

የጨርቅና የቆዳ ጓንት ኬሚካል ስለሚመጥ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ይሻላል። ወደ ታች ሲረጭ እጅጌው ከጓንቱ ላይ ይውረድ፣ ከራስ በላይ ሲረጭ ጓንቱ ከእጅጌው ላይ ይውጣ። ሱሪ ሁልጊዜ ከቦት ጫማ ውጭ ነው። ጓንቱ ከመውለቁ በፊት እጅ ላይ እንዳለ በሳሙና ይታጠብ።

ከሁሉም የሚጋለጠው ኬሚካሉን ከውሃ ጋር የሚበጠብጠው ሠራተኛ ነው፤ እሱ የሚይዘው ገና ያልቀጠነውን ኬሚካል ነው። የፊት መከለያና ሽርጥ ከማንም በፊት ለእሱ ይሰጠው። ጭንብልን በተመለከተ፣ የአቧራ ጭንብል ትነት አያስቀርም፤ የኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተለጠፈው መለያ የሚያዘው የትነት ማጣሪያ ከሆነ እሱን ግዙ፣ ጢም ካለ ግን ፊት ላይ አይገጥምም።

ምርት ለቃሚዎችም ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠይቁ። መለያው ላይ ከርጭት በኋላ «24 ሰዓት አይገባም» ከተባለ ቅጠሉ ቢደርቅም ያለ መከላከያ ማሳው ውስጥ አይገባም። የሥራ ልብስ ደግሞ እዚያው እርሻው ላይ ለብቻው ይታጠብ እንጂ ቤት አይሂድ።

ሙቀትም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ እጅ ታጥቦ፣ ይጠጣ። ነገር ግን የሠራተኛው የዓይን ብሌን ከጠበበ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ ወይም ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ነገሩ መመረዝ ነው። ልብሱን አውልቁለት፣ በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡት፤ ወተት አታጠጡት፣ አታስመልሱት፤ መለያውን ይዛችሁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።