የአንጀት ክር፣ የእንጨት መቃኛና አልሰማ ያለ ጊታር

ቪየና ያለች የሙዚቃ ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ የሙዚቃ ደራሲው ማቲየግካ ለፍሉት፣ ለቪዮላና ለጊታር የጻፈውን ኖቱርኖ፣ ሹበርት ቼሎ የጨመረበትን፣ ለአራት ሆነን በደራሲዎቹ ዘመን ዓይነት መሣሪያ እየተለማመድን ነው። የእኔ ጊታር የ1820ዎቹ የቪየና ጊታር ቅጂ ነው፤ የክሩ ርዝመት 63 ሴንቲ ሜትር። ከሦስቱ መሐል አልሰማ ስላልኩ የአንጀት ክሩን አውጥቼ ጠንካራ ናይለን አሰርኩበት። አሁን ብሪጁ፣ ክሮቹ ፊት ጣውላው ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላ የተነሣ መሰለኝ፤ መቃኛውም ይንሸራተታል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተነሺና ክሮቹን ሁሉ አላልተሽ ተመለሺ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ቀጭን ወረቀት ውሰጂና በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ሞክሪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የትም ካልገባ ሙጫው ይዟል፤ ያየሽው ምናልባት የፊት ጣውላው መጉበጥ ነው፤ ጭነቱ ሲቀንስ ከፊሉ ይመለሳል። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከገባ ግን ክር አትመልሺበት፣ ለጠጋኝ ስጪው። ሱፐር ግሉ በጭራሽ እንዳታንጠባጥቢበት! እንዲህ ያለ ጊታር በአብዛኛው የሚጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው፤ እሱ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፣ ጣውላውም ሳይጎዳ እንደገና ይጣበቃል። በሱፐር ግሉ «የተጠገነ» ብሪጅ እጄ ላይ ሲደርስ የፊት ጣውላውን ቃጫ አብሬ ከመላጥ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ጊታርሽ ደካማ ሆኖ አይደለም። በዚያ ዘመን የቪየና ሠሪዎች፣ እነ ሽታውፈር፣ የፊት ጣውላውን አቅጥነው ከውስጥ የሚደግፉት በአግድም በተጣሉ ጥቂት ማገሮች ነበር። የዛሬው ትልቅ ክላሲካል ጊታር፣ ስፔናዊው ቶሬስ ቅርጽ ያስያዘው፣ ከውስጡ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ድጋፍ አለው። ጠንካራ ናይለን የተሠራው ለሱ ነው፤ ስድስቱ ክር ተደምሮ 40 ኪሎ ገደማ ይስባል። ላው 430 ሄርዝ ላይ ሲቃኝ በልኩ የተመረጠ የአንጀት ክር ግን እያንዳንዱ 6 ኪሎ አካባቢ፣ ስድስቱ ተደምሮ 36 ገደማ ነው። ለ63 ሴንቲ ሜትር እኔ የማስረው፣ በውፍረት፣ አንደኛውን 0.60፣ ሁለተኛውን 0.78፣ ሦስተኛውን 0.96 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስቱ ወፍራሞች በብር የተለበጠ መዳብ የተጠመጠመባቸው የሐር ክሮች ናቸው። ልዩነቱን ሦስተኛው ክር፣ ሶል፣ ላይ ታገኚዋለሽ። አንጀት ከናይለን ስለሚከብድ ለዚያው ድምፅ ቀጠን ብሎ ይበቃል፤ ናይለን ላይ የሚደፈነው ሶል እዚህ ይጠራል።

ክሩን ስታስሪ ጫፉን ቋጥረሽ ቀዳዳው ውስጥ ጨምሪ፣ ፒኑን፣ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘውን ትንሽ ችንካር፣ ግማሽ ድረስ አስገቢ፣ ከዚያ ክሩን ወደ ላይ ሳብ አድርጊና ፒኑን ጨርሰሽ ተጫኚው። ቋጠሮው ጣውላው ሥር ካለው ሰሌዳ ጋር መግጠም አለበት። ፒኑ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ፒኑን ራሱን ገፍቶ ያወጣዋል። መቃኛው ከተንሸራተተ ቾክ፣ አልዞር ካለ ደረቅ ሳሙና ቀቢው፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ወደ መቃኛው እጀታ ተጠግተው እንዲጠመጠሙ አድርጊ፣ ያኔ ክሩ ራሱ መቃኛውን ወደ ቀዳዳው ይስበዋል። አዲስ ክር እስኪረጋ ሦስት ቀን ያህል ስጪው። በገና የሚደረድር ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ የበግ አንጀት አየሩ ሲረጥብም ሲደርቅም ቅኝቱን ይለውጣል። ቪየና ክረምት ላይ ማሞቂያው ቤቱን ያደርቀዋልና እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ ለመጠበቅ ሞክሪ።

አሁን ወደ አለመሰማቱ። ቼሎው ሲጨመር እሱና ቪዮላው ጊታር በሚጮህበት ከፍታ ላይ ይደረባሉ፤ ጊታሩን የሚውጠው ይህ ነው። ስለዚህ አንቺ ከፊት ተቀመጪ፣ የጊታርሽ ቀዳዳ ወደ ታዳሚው ይይ፤ ሦስቱ ከጎንና ከኋላ በግማሽ ክብ ይሁኑ። የቪዮላና የቼሎ ተጫዋቾችም የአንጀት ክር ይጠቀሙ፣ ደጋኑን ቀለል አድርገው ይሳቡ፤ ዜማው አንቺ ዘንድ ሲሆን ደግሞ የምር ዝቅ ይበሉ። ይህን መጠየቅ አትፈሪ። ሹበርት ቼሎውን በ1814 ሲጽፍ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ በቤተሰብ ኳርቴት ይጫወቱ ነበር፣ ቼሎውም የአባቱ ነበር። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ተቀራርበው ለሚሰሙት ነው። አዳራሽ የመምረጥ ዕድል ካላችሁ የእንጨት ወለል ያለው፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያልበዛበት ትንሽ ክፍል ምረጡ።

የቅኝቱ ነገር ብዙ ቡድን የሚስትበት ነው። ፍሉቱ ሲሞቅ ከፍ ይላልና ከመቃኘታችሁ በፊት ተነፍቶ ይሙቅ። ከዚያ ላውን ከሱ ውሰጂና ጊታርሽን ቃኚ፤ ቪዮላና ቼሎ ግን ካንቺ ይውሰዱ። ያንቺ ፍሬት፣ አንገቱ ላይ ድምፁን የሚከፍለው ዘንግ፣ አይንቀሳቀስም፣ የነሱ ጣት ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱን አምስተኛ፣ በሁለት ጎረቤት ክሮቻቸው መካከል ያለውን ርቀት፣ ንጹሕ አድርገው ከላ ወደ ታች ከቃኙ ዶ ክራቸው ካንቺ ዶ በታች ይወርዳል፤ ሚሽ ከዚያ ዶ ጋር ሲገጥም ከልኩ ከፍ ብሎ ይሰማል። ቁራጩ በሶል ሜጀር ስለሆነ ሶልና ዶ ክሮቻቸው ደጋግመው ይጮሃሉ። ቪዮላው ሶሉን ከሦስተኛ ክርሽ፣ ዶውን ከአምስተኛ ክርሽ ሦስተኛ ፍሬት ይውሰድ፤ ከፍታቸው አንድ ነው። ቼሎው ሬውን ከአራተኛ ክርሽ፣ ሶሉን ከስድስተኛው ሦስተኛ ፍሬት ይውሰድ።

የቀኝ እጅሽን ጥፍርም አሳጥሪው። ረጅም ጥፍር አንጀትን ቶሎ ይተለትላል፤ በዘመኑ ሶርን የመሰለ ታላቅ ተጫዋች በጣት ሥጋ ነበር የሚመታው። ክሩ ላይ የተነሣ ፀጉር ካየሽ አትንቀዪው፣ በጥፍር መቁረጫ ከሥሩ ቁረጪና አንድ ጠብታ የለውዝ (አልሞንድ) ዘይት አሺበት። ለኮንሰርቱ ቀን ደግሞ ትርፍ አንደኛ ክር ከሳምንት በፊት ሌላ ጊታር ላይ አስረሽ አለማምጂው። ምሽቱ ላይ የበፊቱ ቢበጠስ፣ ተለማምዶ የተነሣ ክር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋልሻል።