የእንስሳት ሕክምና ልግባ ወይስ ልቀይር ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ የእንስሳት ሕክምና ደርሶሽ ቤተሰብሽ «የሰው ሐኪም መሆን እያለልሽ» እያለ ልብሽን እንደከፈለው ጽፈሻል። ሴት ሆኜ ትልልቅ ከብት እችላለሁ ወይ፣ ጨርሼስ ሥራ አገኛለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከተመረቅሁ 11 ዓመቴ ነው፤ ክሊኒክም ቄራም ላቦራቶሪም ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ትምህርቱ ብዙ ቦታ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። ክብደቱ ከብዛቱ ነው። የሰው ሕክምና ተማሪ የሚያጠናው የአንድ ፍጡርን አካል ነው፤ አንቺ ግን ጨጓራዋ አራት ክፍል የሆነውን ላም፣ ማስመለስ የማይችለውን ፈረስ፣ ጤነኛ ሆና ሙቀቷ 41 ዲግሪ የሚደርሰውን ዶሮ ጎን ለጎን ትይዣለሽ። ሰው ለራስ ምታት የሚውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። መጀመሪያ ላይ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ናቸው፤ ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ ተስፋ የቆረጡት እዚያ ላይ ነበር። ክሊኒክ ስትገቢ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ እስከዚያ ታገሺ።

የጉልበቱን ነገር በደንብ ልመልስልሽ፣ እኔም ሴት ነኝ፣ ቁመቴም አጭር ነው። በተመረቅሁበት ዓመት አንድ ሌሊት፣ ከወለደች ቀን ያልሞላት የወተት ላም መነሳት አቅቷት ጠሩኝ። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አፍንጫዋ ደርቋል። አራት ጎረምሶች ሊያነሷት ሲታገሉ አምሽተዋል። የላሟ ችግር ግን ወተት ማምረት ስትጀምር ካልሲየሙ ከደሟ መሟጠጡ ነበር። በአንገቷ ደም ሥር ካልሲየም በዝግታ መስጠት ጀመርኩ፤ ከፈጠነ ልብ ያቆማል፣ ስለዚህ በአንድ እጄ ጠርሙሱን ይዤ በማዳመጫው የልቧን ምት እከታተል ነበር። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ አገሳች፣ እበት ጣለች። ትንሽ ቆይታ በራሷ ተነስታ ጥጃዋን መላስ ጀመረች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከደስታ የተነሳ።

ምጥ ላይም እንዲሁ ነው። ጥጃው ተጣሞ ከመጣ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፍተሽ ጭንቅላቱንና እግሮቹን ታስተካክያለሽ፣ ጉተታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ ቀጭን ክንድ ያግዛል። ለራስሽ ግን ተጠንቀቂ። ተግባር ልምምድ ከመጀመርሽ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ውሰጂ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ደም የሚፈሰው ከብት ካጋጠመሽ ደግሞ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሬሳውን እንዳትከፍቺ፣ ሌላ ሰውም እንዳይከፍት ከልክይ።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ ሰው የሚያውቀው ክሊኒኩን ብቻ ነው። እኔ ቄራ ስመደብ ዝቅ ያልኩ መስሎኝ አልቅሻለሁ። አንድ ቀን የአንድ በሬ ሳንባ አጠገብ ያለውን ንፍፊት ስሰነጥቅ ቢላዬ አሸዋ እንደነካ ድምፅ ሰጠ፤ ውስጡ ቢጫ፣ እንደ አይብ የተፈረፈረ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት የከብት ቲቢ ሆነ። በሬው የመጣበትን መንጋ ተከታትለን ደረስንበት፤ የዚያ ቤት ልጆች ወተቱን ሳይፈላ ይጠጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥጋ ምርመራን በሌላ ዓይን ነው የማየው። ሰውን ከሚይዙት የታወቁ ተላላፊ በሽታዎች ከ10ሩ 6ቱ ያህሉ ከእንስሳት የሚተላለፉ ናቸውና ያንቺ ሙያ የሰውም ጤና ነው፤ ይህንን ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው። የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ፈረንሳይ ሊዮን ላይ በ1761 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት አንዱ ምክንያት ከብቱን ይፈጅ የነበረው፣ «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ (ሪንደርፔስት) ነው። በሽታው በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው፣ ከፊት ሆነው የሠሩትም የእኛ ሙያ ሰዎች ናቸው።

ሌሎቹ በሮች የዶሮ እርባታ፣ የመድኃኒትና የክትባት ፋብሪካ፣ ድንበር ላይ ያለ የእንስሳት ቁጥጥር፣ የዱር እንስሳት፣ የበሽታ ቅኝትና ምርምር ናቸው። ደመወዙ በብዙ ቦታ ከሰው ሐኪም ያንሳል፣ አልደብቅሽም። ከተማ ውስጥ የውሻና የድመት ክሊኒክ ብቻ ካልሽ ረጅም ጊዜ ልትጠብቂ ትችያለሽ። ከጓደኞቼ ቶሎ የተቀጠሩት በየእረፍቱ እርባታ ቦታ እየሄዱ እጃቸውን ያፍታቱ ናቸው፤ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ምን መሥራት ትችያለሽ ብሎ ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ ሳያልፍ አንድ የእንስሳት ሐኪም አስፈቅደሽ ሦስት ቀን ከኋላዋ ወይም ከኋላው ተከተይ። ቦት ጫማ ያዢ። ከሦስቱ ቀን አንዱን ቄራ አድርጊው። ምን እንደተሰማሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የቀረውን ከዚያ ተነስተን እንነጋገራለን።