ብጣሽ ጨርቅ፣ መርፌና ክር፦ የጠየቃችሁንና የመለስነው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ብጣሽ ብርድ ልብስ ናቸው። ትንንሽ ቁርጥራጭ ጨርቆችን በእጅ እየገጣጠሙ አንድ ትልቅ ፊት መሥራት፣ ከሥሩ ባዘቶ ማንጠፍ፣ ከዚያ ገበር አድርጎ ሦስቱን አንድ ላይ መስፋት ማለት ነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን የስፌት መኪና አለ፤ እኔ ግን በእጄ ስሰፋ ነው ደስ የሚለኝ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ብጣሾቼን ስገጣጥም ያየኝ ሁሉ «በመኪና ብትሰፊው እኮ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ምን ያለፋሻል?» ይለኛል። መልስ አጣሁ። እውነት ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! የሚጠይቁሽ ሰዎች የሚያስቡት ስለ ብርድ ልብሱ ነው፤ አንቺ የምትወጂው ደግሞ መስፋቱን ነው። ለብርድ ልብሱ ብቻ ከሆነማ ገዝቶ መገላገል ይቻላል።

እስቲ አንዷን ስፌት ብቻ እንያት። ሁለት ብጣሾች ፊትና ፊት ተገጥመው በአውራ ጣትሽና በጠቋሚ ጣትሽ መሀል ተይዘዋል። መርፌው ከላይ ሲገባ ከሥር ያለው ጣትሽ ገና ሳይወጋ ጫፉን ያውቀዋል፤ ወዲያው ወደ ላይ ትመልሽዋለሽ። እንዲህ ወጣ ገባ እያደረግሽ ሦስት አራት ስፌት መርፌው ላይ ትሰበስቢና ክሩን ስትስቢው፣ ጥጥ በጥጥ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማት ቀጭን ድምፅ አለች፤ መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው አይሰማትም። መስመሩ ሲያልቅ ብጣሾቹን ትዘረጊና ስፌቱን በጥፍርሽ ትደፈጥጪዋለሽ። ቅድም ለየብቻ የነበሩት ሁለት ጨርቆች አሁን አንድ ሆነዋል። ይቺ ነገር በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ትደጋገማለች፤ እኔም የእጅ ስፌትን የምወደው በእሷ ምክንያት ነው።

ደግሞ ነፃነቱን አትርሺ። መኪናው ባለበት ቦታ ያስቀምጥሻል፤ በዚያ ላይ ጩኸቱ። የእጅ ስፌት ግን አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ወረፋ ስትጠብቂ፣ ሬዲዮ ስትሰሚ፣ ከሰው ጋር ስታወሪ ይሠራል። እጅ ሥራ ሲይዝ ወሬውም ይጥማል፤ ዝም ማለትም አያሳፍርም። መኪናን መናቄ አይደለም፤ በየቀኑ የሚታጠብ ነገር ስትሠሪ ተጠቀሚበት። ለሚጠይቁሽ ግን «ደስ ስለሚለኝ ነው» ማለት በቂ መልስ ነው። ብቻ መብራቱ ጥሩ ይሁን፤ አንጓሽ ማመም ሲጀምርም ተይው፣ ነገም ቀን ነው።

ጥያቄ፦ አራት ማዕዘኖቹን በልኩ የቆረጥኳቸው ይመስለኛል። ስገጣጥማቸው ግን ማዕዘኖቹ አይገናኙም፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ያጥራል። የት ነው የምሳሳተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምናልባት በአንድ ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ብጣሽ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር አብልጦ ከወሰደ በአሥር ስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። አንዱን ረድፍ ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርገህ ከሰፋህ ማዕዘኖቹ የት ይገናኛሉ?

መድኃኒቱ የምትቆርጥበትን መስመር ትተህ የምትሰፋበትን መስመር መሳል ነው። ከካርቶን የመጨረሻውን ልክ ቁረጥ፣ ለምሳሌ 7.5 በ7.5 ሴንቲ ሜትር። በጨርቁ ጀርባ አስቀምጠህ ዙሪያውን በሾለ እርሳስ ሳል፤ ከዚያ ከመስመሩ ውጪ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ እየተውክ ቁረጥ። ትርፉ ትንሽ ቢዛነፍ ግድ የለም፤ የምትከተለው እርሳሱን ነው። ስትገጥም በመጀመሪያ እስፒል የማዕዘኑን ነጥብ ውጋና ከሥር ባለው ብጣሽ ላይ በዚያው ነጥብ መውጣቱን ገልብጠህ እይ። ሌላውንም ጫፍ እንደዚሁ፣ ከዚያ መሀሉን። ከነጥብ እስከ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰፋው፤ ትርፉ ላይ አትውጣ። መነሻና መድረሻው ላይ አንድ ስፌት ወደ ኋላ ተመልሰህ አጥብቅ። የስፌቱ ርዝመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በየመሀሉ ጀርባውን ገልበጥ አድርጎ ማየት አይረሳ፤ ከላይ ያማረ መስመር ከሥር ሄዶ ሄዶ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የብጣሹ ጎኖች ከጨርቁ ድርና ማግ ጋር ይሂዱ። በሰያፍ የተቆረጠ ጎን እጅህ ላይ ይለጠጣል፤ ያኔ እርሳሱም እስፒሉም አያድንህም። ሰያፍ ጎን የግድ ካለ፣ ሦስት ማዕዘን ስትሠራ ለምሳሌ፣ አትጎትተው፤ ካውያውንም ወዲያ ወዲህ ሳታንሸራትት ጫን እያደረግክ አንሣው።

ጥያቄ፦ ጀምሬ ተስፋ ቆረጥኩ። ለአንድ አልጋ ስንት ብጣሽ ያስፈልጋል? መቼስ ያልቃል?

መልስ፦ ልክ አልጋ ለማልበስ 150 በ210 ሴንቲ ሜትር ብትይ፣ ቅድም ባልነው 7.5 ሴንቲ ሜትር ልክ በአንድ በኩል 20፣ በሌላው 28፣ በድምሩ 560 ብጣሽ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ስለዚህ 560ውን እርሺው። ዘጠኝ ብጣሽ ወስደሽ ሦስት በሦስት ግጠሚ፤ 22.5 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላት አንዲት ትልቅ ካሬ ትወጣለች፤ ጓዳ እንበላት። በራሷ ያለቀላት ናት፤ ዘርግተሽ ልታያት፣ ለሰው ልታሳያት ትችያለሽ። ከዚያ ሌላ። ጓዳዎቹ ሲበዙ ትደረድሪያቸዋለሽ፤ ካልበዙም አራቱ ጥሩ የትራስ ልብስ ፊት ይወጣቸዋል። መቼ ያልቃል ለሚለው፣ እውነቱን ለመናገር የሚቸኩል ሰው ይህንን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል። ባይቸኩሉ ግን በየቀኑ ሩብ ሰዓት እንኳ የት እንደሚያደርስ ስታዪ ይገርምሻል።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሸሚዞቹ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ለልጆቼ ብርድ ልብስ ላድርጋቸው እልና መቀሱን አንሥቼ እመልሰዋለሁ። መቁረጡ ከበደኝ፤ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። መቀሱን ቢመልሱት አልፈርድብዎትም፤ አንዴ የተቆረጠ ሸሚዝ ተመልሶ ሸሚዝ አይሆንም። እኔ ግን በበኩሌ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ከሚቀር ሸሚዝ ይልቅ ልጅ ተጠቅልሎበት የሚያድር ሸሚዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ እናት ባላቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሶቻቸውን ቆርጠው ብርድ ልብስ ሠሩ፤ እሳቸውን እያስታወሱ ከሥሩ ሊተኙ። የዚያች መንደር ሴቶች የተጎዳውን ጨርቅ አይደብቁትም ነበር። ከሥራ ሱሪ በሠሯቸው አንዳንድ ብርድ ልብሶች ላይ ኪሱ የተነሣበት ቦታ ፀሐይ ስላላገኘው ጠቆር ብሎ ይታያል። ሰውየው እጁን የሚከትበት ቦታ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። እነዚህ ሥራዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሂውስተንና በኒውዮርክ ትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለሕዝብ ታይተዋል። ሲሠሩ ግን ለአልጋና ለብርድ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። አንዱን ሸሚዝ፣ በጣም የሚወዱትን፣ ሳይነኩ ያስቀምጡ። ጠረናቸው ገና ካለበት ደግሞ አይጠቡት፤ ከታጠበ ይሄዳል። ሌሎቹን ከመቁረጥዎ በፊት ፎቶ ያንሷቸው፤ ከዚያ አባትዎ እምብዛም ባልለበሱት ይጀምሩ። መጀመሪያ መቀስ አያስፈልግም፤ ስፌቱን እየፈቱ እጅጌውን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን ይለያዩ። መፍታት ከመቁረጥ ይቀላል፣ ለእጅም ለልብም። ሰፊው ጨርቅ ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ ከአንድ የአዋቂ ሸሚዝ ጀርባ ብቻ ከነትርፉ 8.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከሃያ በላይ ብጣሽ ይወጣል። አንገቱና ክርኑ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳ ይዝለሉት። የደረት ኪሱን ግን አይፍቱ፤ ከነኪሱ አንድ ትልቅ ብጣሽ አድርገው ይቁረጡት፣ ልጆቹ እጃቸውን ይከቱበታል። ቁልፎቹንም ከነጨርቁ እንደተቆለፉ መቁረጥ ይቻላል፤ ብቻ ብርድ ልብሱ ለሕፃን ከሆነ ቁልፍ ይቅርበት፣ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል። ከጥጡ ጋር ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸሚዝ ቢኖርም ችግር የለውም፤ ካውያውን ብቻ ዝቅ ያድርጉት።

ዛሬ ካልሆነልዎትም ይተዉት። ሸሚዝ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ያሉኝ ብጣሾች ቀለማቸው እርስ በርስ አይሄድም። አዲስ ጨርቅ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትግዢ! ቀለሙን ለጊዜው ተይውና ፈዛዛውንና ደማቁን፣ ጥቁሩንና ነጣ ያለውን ለዪ። ሁሉንም ወለል ላይ ደርድሪና በስልክሽ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺያቸው። በፎቶው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ሥራው ፈዞ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ጥቂት በጣም ነጣ ያሉ ብጣሾች ጣል ጣል አድርጊ። በሕንድና በባንግላዴሽ ባለችው ቤንጋል ካንታ የሚባለውን የስፌት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው ይሰፋሉ፤ ባለቀለሙን ክር እንኳ ከሳሪው ጠርዝ እየመዘዙ ነበር የሚያወጡት። ባለው መሥራት ራሱ አንድ ጨዋታ ነው። አይሄድም ያልሽው ብርቱካናማ ነገር አንዷ ማዕዘን ላይ ሲገባ ሁሉንም ሊያነቃው ይችላል።

ጥያቄ፦ ስድስት ማዕዘን ብጣሽ በወረቀት ላይ እየጠቀለሉ ሲሰፉ አይቻለሁ። ወረቀቱ ለምንድነው? መቼስ ነው የሚወጣው?

መልስ፦ ወረቀቱ ቅርጹን ይይዝልሃል። ስድስት ማዕዘን ላይ በየማዕዘኑ ሦስት ብጣሽ ይገናኛል፤ እያንዳንዱ 120 ዲግሪ ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ 360 ይሞላሉ። ትንሽ ከተዛነፈ መሀል ላይ ቀዳዳ ይቀራል ወይም ይጨማደዳል። ስለዚህ ጠንከር ካለ ወረቀት ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ትቆርጣለህ፤ ጨርቁን ከሱ አስበልጠህ ቆርጠህ ትርፉን ወደ ወረቀቱ ጀርባ ታጥፈውና በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ታሲዘዋለህ። ሁለቱን ፊትና ፊት ገጥመህ የእጥፋቱን ጫፍ ብቻ በደቃቃ ስፌት ትለቅማለህ። ወረቀቱን አትውጋው፤ መርፌው ከበድ ካለህ እየወጋኸው ነው ማለት ነው።

ስድስቱም ጎኖቹ ጎረቤት ያገኙለት ብጣሽ ወረቀቱ ሊወጣለት ይችላል። ካውያ አድርግበት፣ ጊዜያዊውን ስፌት ምዘዝ፣ ወረቀቱን ሳብ አድርገው። ለሚቀጥለው ያገለግልሃል። የዳር ረድፎች ግን እስከ መጨረሻው ከነወረቀታቸው ይቆዩ። ዘዴው የቆየ ነው፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. 1718 የሚል ዓመተ ምሕረት የተሰፋበት የሐር ብጣሽ የአልጋ ልብስ አለ፤ ወረቀቶቹ ዛሬም ውስጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክሬ ሁልጊዜ እየተወሳሰበ ይቋጠርብኛል።

መልስ፦ ረጅም ክር እየወሰድሽ ነው። ከአንድ ክንድ አይበልጥ፣ ነጠላም ይሁን። ከጥቅሉ ቀድሞ የወጣውን ጫፍ መርፌው ውስጥ አስገቢ፤ የቆረጥሽውን ጫፍ ቋጥሪ። ንጹሕ የንብ ሰም ካገኘሽ ክሩን አንዴ ጎተት አድርጊበት። መርፌውም ቀጭን ይሁን፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፣ ለመገጣጠም 9 ወይም 10 ይሻላል። አሁንም መጠማዘዝ ከጀመረ መርፌውን ልቀቂውና ከክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከርከር፤ ራሱ ፈትቶ ሲያቆም ቀጥዪ።