«ኮፒራይቱ የኔ አይደለም» ብሎ መጻፍ አያድንም

ልጆች፣ ቪዲዮ ስር የምትጽፏትን ያቺን መስመር አውቃታለሁ። «የኮፒራይት (የቅጂ መብት) ባለቤት አይደለሁም፣ ለመዝናኛ ብቻ ነው።» ዕድሜዬን በኤዲቲንግ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ምንም አትከላከልላችሁም። ከሰባት ሰከንድ በታች ችግር የለውም የሚባለውም ወሬ ነው። እንዲህ የሚል ሕግ የለም።

ፌር ዩዝ የአሜሪካ ሕግ ነው። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ሥራውን መጠቀም የሚቻልበት ሁኔታ አለ ይላል። ዳኛው አራት ነገር ይመዝናል፦ ለምን ተጠቀማችሁበት? የተወሰደው ምን ዓይነት ሥራ ነው? ምን ያህሉን ወሰዳችሁ? የባለቤቱን ገበያስ ይጎዳል? ለኤዲተር ዋናው የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ፋን ቪዲዮ፣ ማለትም አድናቂዎች የሚወዱትን ፊልም ቆራርጠው በዘፈን የሚያቀናብሩት ቪዲዮ፣ በዩቲዩብ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1975 ካንዲ ፎንግ የምትባል ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂ የድራማውን ምስሎች በስላይድ እያሳየች፣ በካሴት ዘፈን አጅባ ለአድናቂዎች አቀረበች። ከእሷ በኋላ የመጡት፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየቀዱ ይሠሩ ነበር። አንዲት ቁራጭ ማስገባት ምን ያህል እንደሚያለፋ በቴፕ የሠራን እናውቃለን። ስለዚህ ዝም ብሎ የገባ ምስል አይታይባቸውም። ፊልሙ ችላ ያላትን ገጸ ባሕርይ መሀል ላይ ያመጧታል፤ ግጥሙ ስለ እሷ የሚናገር ይመስላል። ያየ ሰው ፊልሙን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። ዳኛ ፊት የሚያስከራክረው ይሄ ነው። የሚያምሩ ምስሎችን በሙሉ ዘፈን ላይ መደርደር ግን፣ ኤፌክቱ ቢበዛም፣ ክርክሩን ያከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት አሜሪካዊት እናት ሕፃን ልጇ በአሜሪካዊው ድምፃዊ በፕሪንስ ዘፈን ሲወዛወዝ የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ ጫነች። የዘፈኑን መብት የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሳል ሙዚቃ አስወረደባት፤ እሷም ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ቪዲዮ ከማስወረድ በፊት ፌር ዩዝ መሆን አለመሆኑን ማሰብ ግዴታ ነው አለ። ለ29 ሰከንድ ስምንት ዓመት! ይህን አቅም ያለው ስንቱ ነው?

የዩቲዩብን ክሌምና ስትራይክ አታምታቱ። ክሌም ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ያገኘው ተመሳሳይነት ነው፤ የማስታወቂያው ገቢ ለባለቤቱ ሊሄድ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። ስትራይክ ግን ባለቤቱ ቪዲዮው እንዲወርድ በሕግ ሲጠይቅ የሚመጣ ቅጣት ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሞላ ቻናሉን ያዘጋል። ለስትራይክ የምትልኩት የተቃውሞ ማመልከቻ ሕጋዊ ሰነድ ነው፤ ስማችሁና አድራሻችሁ ለከሳሹ ይደርሳል። በንዴት አትሙሉት።

የኛው የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ እንደ አሜሪካው ሰፊ የፌር ዩዝ ድንጋጌ የለውም። ምንጭ ጠቅሶ በልኩ መጥቀስን የመሰሉ ውስን ፈቃዶች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ የሀገራችንን ዘፈን ስትጠቀሙ ጠይቁ። እዚህ ባለቤቱን ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ግን ድምፃዊው «እሺ» ስላለ አለቀ አትበሉ። ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ካሳተመው ድርጅት ጋር የተፈረመ ውልም ይኖራል። ማን የመፍቀድ መብት እንዳለው መጀመሪያ አጣሩ፤ ፈቃዱንም ቢያንስ በቴሌግራም መልእክት በጽሑፍ ያዙት።