ስለ ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተጠየቅኳቸው

አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ፣ ደርግ ለረሸናቸው ባለሥልጣናት ከቆመው መታሰቢያ አጠገብ ወጣቶች ሰብሰብ ብለው ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ አክሊሉ ሲጠይቁኝ የመለስኩላቸው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመሳፍንት ወገን ናቸው?
መልስ፦ አይደሉም። የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ናቸው። በ1904 ተወለዱ፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ፓሪስ ሄደው ሕግ ተማሩ።

ጥያቄ፦ በጣሊያን ወረራ ጊዜስ?
መልስ፦ ፓሪስ ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘውን ፌዴሬሽን ያመጡትም ያፈረሱትም እሳቸው ናቸው ይባላል።
መልስ፦ ማምጣቱ ላይ ድካማቸው ትልቅ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ኃላፊነታቸው ከፓሪሱ የሰላም ጉባኤ እስከ ተባበሩት መንግሥታት ድረስ ለዓመታት ተከራከሩ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ጠቅላላ ጉባኤው ፌዴሬሽኑን በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞ ወሰነ። ኅዳር 1955 ሲፈርስ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ካመሰገንናቸው በሁለተኛውም ልንጠይቃቸው ይገባል። ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ደም ቀላል አይደለምና።

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እንዴት ሥልጣን አነሳቸው?
መልስ፦ በ1953 ሲሾሙ ሚኒስትሮቹን የሚመርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ካቢኔያቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው በ1958 ነው። ያኔም ቢሆን ሚኒስትሩ ሁሉ ዓይኑ ቤተ መንግሥት ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ለምን ተገደሉ?
መልስ፦ የካቲት 1966 ወታደሩ ሲያምፅ፣ መምህራንና ባለታክሲዎች ሲያድሙ ሥልጣን ለቀቁ። ታሰሩ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ስለነበር በእስር ቤት ሆነው የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ጻፉ። መልሳቸውን ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲሰጡ ግን ዕድል አላገኙም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ያለ ፍርድ ከወንድማቸው ከአካለ ወርቅና እሳቸውን ከተኩት ከልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጋር ተረሸኑ። ባለሥልጣን ይጠየቅ፣ ይከሰስ፤ በዚህ እስማማለሁ። ያለ ችሎት መግደልን ግን ማንም አብዮት ብሎ እንዲያስረዳኝ አልፈቅድም።

ጥያቄ፦ ሌላው ወንድማቸው መኮንንስ?
መልስ፦ እሳቸው ቀድመው ሄደዋል። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ተገደሉ። ቦታው ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሙዚየሙን ገብታችሁ እዩት።