የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያለ ታብሌት በኮምፒውተር ሥዕል መጀመር

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 12ኛ ክፍልን አጠናቅቄ ውጤት እየጠበቅሁ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእርሳስና በእስክሪብቶ እሥላለሁ። ወንድሜ 4 ጊጋ ራም ያለውን አሮጌ ላፕቶፑን ሰጥቶኛል፤ የሥዕል ታብሌት (ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በብዕር የሚሣልበት ሰሌዳ) ግን የለኝም፣ በቅርቡ የምገዛም አይመስለኝም። አንድ ኮምፒውተር ቤት ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ሊጭንልኝ ፈቃደኛ ነው። በማውስ ለመሣል ስሞክር ግን መስመሬ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በነፃ ከሚገኙት ፕሮግራሞች የትኛው ይሻለኛል? የሠራሁትንስ መሸጥ እችላለሁ?
የሥዕል ወዳጅ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ፤ አዎ፣ መሸጥ ይችላሉ። ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥና የአጠቃቀም ጊዜው የማያበቃ ሲሆን፣ በእርሱ የሣሉት ሥዕል ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ንብረት ነው። ፈቃዱ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ማካፈልንም ስለሚፈቅድ፣ አንድ ጊዜ ያወረዱትን የመጫኛ ፋይል ለጎረቤትዎ በፍላሽ ቢሰጡ ማንንም አልበደሉም። ክራክ የተደረገውን ፎቶሾፕ ግን ይተዉት። የሰውን ድካም ያለ ፈቃድ መውሰድ መሆኑ ሳያንስ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስ ይዞ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለላፕቶፕዎም ይከብደዋል። ጊምፕ ነፃና ጥሩ ፕሮግራም ቢሆንም በዋናነት ፎቶግራፍ ለማስተካከል የሚውል ስለሆነ፣ ለሠዓሊ እጅ የሚቀርበው ክሪታ ነው። ክሪታ ላፕቶፑን ካዘገየብዎ ቀለል ያለውን ማይፔይንት ይሞክሩ። የመጫኛ ፋይሉን ከክሪታ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ኔትወርክ የሚያገኙበትን ሰዓት ይምረጡ። ከተጫነ በኋላ ለመሣል ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ማውሱ እንምጣ። ማውስ የእጅን ጫና አይለይም፤ እርሳስ ጠበቅ ሲያደርጉት እንደሚወፍር፣ ላላ ሲያደርጉት እንደሚቀጥን ዓይነት መስመር ከእርሱ አይገኝም። ስለዚህ መስመርዎ የተንቀጠቀጠው ችሎታ ስለሌለዎት አይደለም፤ የእርሳስን ሥራ ለማውስ ስለሰጡት ነው። የእኔ ምክር የእርሳሱን ሥራ ለእርሳስ እንዲመልሱለት ነው። ሥዕሉን እንደ ለመዱት በነጭ ወረቀት ላይ ይሣሉት፤ ረቂቁን ሲጨርሱ ዋና ዋና መስመሮቹን በጥቁር እስክሪብቶ ያጥብቁና የእርሳሱን ዱካ በላጲስ ያጥፉ። ከዚያም ጠዋት ላይ ወረቀቱን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ አንጥፈው በስልክ ፎቶ ያንሡት። ስልኩ ከወረቀቱ ትክክል በላይ መሆን አለበት፤ ዘንበል ካለ የወረቀቱ አንድ ጎን ጠብቦ የሣሉት ፊት ይጣመማል። ማታ በአምፖል ብርሃን ያነሡት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ቢጫ ይሆንና የእጅዎ ጥላ ያርፍበታል፤ ያንን ማጽዳት ከመሣል የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ፎቶውን በክሪታ ሲከፍቱት በመጀመሪያ ሌቭልስ በተባለው ማስተካከያ ወረቀቱን ይበልጥ ነጭ፣ መስመሩን ይበልጥ ጥቁር ያድርጉት። ቀጥለው ፊልተር ከሚለው ዝርዝር ከለርስ፣ ከዚያም ከለር ቱ አልፋ የሚለውን ይምረጡ፤ ነጩ ወረቀት ይጠፋና የእስክሪብቶው መስመር ብቻውን ይቀራል። ከዚህ በኋላ ከመስመሩ ሥር አዲስ ሌየር ይክፈቱ። ሌየር ማለት አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ማለት ነው፤ ተማሪ ሳለን ካርታ ለመገልበጥ ወረቀቱን በመስኮት መስታወት ላይ እንደምንደርበው ሆኖ ይታሰብዎት። ቀለሙን ከሥር ባለው ሌየር ላይ ሲቀቡ ከላይ ያለው መስመር አይነካም፤ ቀለሙ ካላማረዎት ሥዕሉን ሳያበላሹ እርሱን ብቻ ይደመስሳሉ።

ቀለም ለመሙላት የብሩሽ ጥበብ እንኳ ግድ አይልም። በባልዲ ምልክት የሚታየው የመሙያ መሣሪያ፣ ሁሉንም ሌየሮች እንዲያይና ሙሌቱን በ2 ወይም በ3 ፒክስል (ሥዕሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) እንዲያሰፋ ካዘዙት፣ በመስመሩና በቀለሙ መካከል ነጭ ክፍተት አይተውም። በጥቁር መስመር ተከብቦ በአንድ ወጥ ቀለም የሚሞላ ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የብራና መጻሕፍታችንና የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሥዕሎች የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል የማየት ዕድል ካገኙም፣ ጨለማው መስመር ቀለማቱን እንዴት እንደሚከፋፍልና እንደሚያደምቅ ልብ ብለው ይመልከቱ። በማውስ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የሚሻል አካሄድ አላውቅም።

በማውስ መስመር ማስመር የግድ ሲሆን፣ ከብሩሹ አማራጮች ውስጥ ስታቢላይዘር የሚለውን ያብሩት፤ መስመሩ እጅዎን ትንሽ ዘግየት ብሎ ስለሚከተል መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

ራምዎ አነስተኛ ስለሆነ የሸራውን መጠን አስቀድመው ያስቡበት። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፤ በቀለም የተሞላ አንድ ሌየር ብቻውን ወደ 35 ሜጋባይት ራም ይይዛል፣ ዐሥር ሌየር ሲሆን 350 ይደርሳል። ለመለማመጃ 150 ዲፒአይ ቢጠቀሙ ሸክሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለኅትመት የሚሆን ሥራ ሲመጣ ግን ከመጀመሪያው በ300 ይክፈቱ፣ ትንሹን ሥዕል በኋላ ማሳደግ ያደበዝዘዋልና።

ስለ መብራት ባይጠይቁኝም ሳልናገር አላልፍም። ያረጀ ላፕቶፕ ባትሪው ስለሚደክም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ እኔ ራሴ ከሰዓቱን ሙሉ የደከምኩበትን የአንዲት እናት ፊት በዚህ መንገድ አጥቼዋለሁ። ኮንትሮልና ኤስን በየጥቂት ደቂቃው መጫን ይልመዱ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤስን አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ክሪታ የቀደመውን ሳይነካ በአዲስ ቁጥር ሌላ ቅጂ ያስቀምጣል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በክሪታ በራሱ የፋይል ዓይነት ያስቀምጡት፤ ጄፔግ በተባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ዓይነት ብቻ ካስቀመጡት ሌየሮቹ ሁሉ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ።

ወደፊት ታብሌት ሲገዙ ስክሪን የሌለው አነስተኛው ይበቃዎታል። እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዐይን ስክሪን ላይ መሆኑን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተስፋ አይቁረጡ። የሣሉት ክብ እንቁላል ከመሰለብዎ ጥፋቱ የእጅዎ ላይሆን ይችላል፤ የታብሌቱ ወርድና ቁመት ከስክሪኑ ጋር አለመመጣጠኑ ሊሆን ስለሚችል በታብሌቱ ማስተካከያ ውስጥ ያመጣጥኑት።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ በእኔ ስልክ ላይ በጣቱ ይሥላል። ኮምፒውተር የለንም። በስልክ መማር ይችላል?
አባት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ይችላል። አይቢስ ፔይንት የተባለው የስልክ መተግበሪያ ማስታወቂያ ቢኖረውም በነፃ ያገለግላል፤ ሌየርም የመስመር ማረጋጊያም አለው። ክሪታ በአንድሮይድ ቢኖርም እንደ ትልቅ ስልክ ላለው የአንድሮይድ ታብሌት እንጂ ለትንሽ ስልክ አይመችም። ጫፉ ጎማ የሆነ የስልክ ብዕር ልጅዎ የሚሥልበትን ቦታ በጣት ከመሸፈን ያድነዋል፤ ጫናን ግን ስለማይለይ መስመር ያወፍርልኛል ብለው እንዳይገዙት። ከላይ የገለጽኩት የወረቀቱና የመስኮቱ አሠራርም በስልክ ይሠራል፤ መተግበሪያው ፎቶውን ሲያስገቡ መስመሩን ለይቶ እንዲያወጣ ይጠይቅዎታል፣ እሺ ይበሉት።